እርማት፦ ቀዩ ብርሃን ብቻውን ደለልን አይለካም
«ውሃው የሳተላይት ምስል ላይ በቀላ ቁጥር በውስጡ ያለው ደለልም በዚያው ልክ ጨምሯል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። ውሃው በመጠኑ ሲደፈርስ ከውሃው የሚመለሰው ቀዩ ብርሃን ደለሉን ለመለካት በደንብ ይሠራል። ደለሉ በጣም ሲበዛ ግን ነጸብራቁ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ደለሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ምስሉ ላይ ለውጡ እምብዛም አይታይም። ያኔ ወደ ኢንፍራሬድ (ዓይን ወደማያየው፣ ከቀዩ ቀጥሎ ወዳለው ብርሃን) መሻገር ግድ ነው፣ ሴንቲኔል-2 በተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ላይ ከ665 ወደ 865 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ማለት ነው። ሌላው (ይሄ በጣም ይረሳል) የቅንጣቱ መጠን ነው፦ ክብደታቸው እኩል ሆኖ ደቃቁ ሸክላ ከሻካራው አሸዋ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ከዚያው ውሃ ናሙና ቀድተህ፣ አጣርተህ፣ አድርቀህና መዝነህ ካላስተያየኸው ከምስሉ ያወጣኸውን ቁጥር አትመነው። ደግሞም ሳተላይቱ የሚያየው የላይኛውን ስስ ሽፋን ነው፤ ወለሉ ላይ የሚንከባለለው አሸዋ ጭራሽ አይታየውም።