ታይገር ሮልን «ዕድለኛ» አትበሉት

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ ጡረታ ስለወጣው የመሰናክል ፈረስ ስለ ታይገር ሮል ሲያወራ ሰማሁት። «ዕድለኛ ነው፤ አጥሮቹ ቀለውለት ነው እንጂ ከሬድ ረም ጎን የሚቆም ፈረስ አይደለም» አለ። ሬድ ረም ማለት ግራንድ ናሽናል የሚባለውን ታላቁን የእንግሊዝ የመሰናክል ውድድር ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ፈረስ ነው። እስከ አሁን ንዴቱ አልበረደልኝም።

መጀመሪያ የአጥሩን ወሬ እንጨርስ። አዎ፣ ግራንድ ናሽናል በሚካሄድበት በኤይንትሪ አጥሮች ውስጥ የነበረው እንጨት እ.ኤ.አ. በ2013 በፕላስቲክ ተተክቷል። ታዲያ ለታይገር ሮል ብቻ ነው እንዴ የተተካው? በ2018 ግራንድ ናሽናልን ሲያሸንፍ 38 ፈረሶች ተነስተው የጨረሱት 12 ናቸው። 30 መሰናክል ነው፣ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን ቀላል የሚል ሰው ውድድሩን አላየውም።

ደግሞ እዚያ ጎበዝ ፈረስ ይቀጣል። ውጤቱ ባማረ ቁጥር የሚሸከመው ክብደት ይጨመርበታል። በ2018 ወደ 69 ኪሎ ተሸክሞ አሸነፈ። በ2019 72 ኪሎ ጫኑበት፤ አሁንም አሸነፈ። ከሬድ ረም በኋላ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ፈረስ እሱ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የዚህን ፈረስ ሥራ በኤይንትሪ ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ሕይወቱን ሰርዞበታል። ሲጀመር መሰናክል ለሌለበት የሜዳ ሩጫ የተወለደ ነው። ግን ሜዳ ላይ አንዴም ሳይሮጥ በ10,000 ፓውንድ ተሸጠ። ቁመቱም ትንሽ ነው፤ ትከሻው 1 ሜትር ከ57 ገደማ። ይህ ፈረስ በ2014፣ ገና በ4 ዓመቱ፣ ቸልተንሃም በሚባለው ሌላ የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ፌስቲቫል ላይ የወጣት ፈረሶችን የመሰናክል የፍጥነት ውድድር አሸነፈ። ርቀቱ 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2017 እዚያው ተመልሶ የርቀቱን እጥፍ ገደማ ሮጦ አሸነፈ። ቀጥሎ ጉብታና ቁጥቋጦ የሚዘለልበትን የአገር አቋራጭ ውድድር በ2018፣ በ2019 እና በ2021 ወሰደ። በአንድ ፌስቲቫል አምስት ድል፣ በሦስት ዓይነት ውድድር! ይህን እኛ ነን የምንረዳው። ኃይሌ በ1999 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትር አሸንፎ በ2008 በርሊን ላይ የማራቶን ክብረ ወሰን ሲሰብር «ዕድለኛ ነው» ያለው ማን ነው?

ሬድ ረምም ልጅ እያለ በአጭር የሜዳ ሩጫ እኩል አንደኛ ወጥቷል፤ አልክድም። ስሙን የተከለው ግን ኤይንትሪ ነው።

«እንደ ሬድ ረም ሦስተኛ ግራንድ ናሽናል ለምን አላሸነፈም?» ይሉኛል። በምን ይሩጥ! የ2020ው ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2021 የተመደበለት ክብደት ፍትሐዊ አይደለም ብለው ባለቤቱ ማይክል ኦሌሪ አስወጡት። እኔም ልክ ነበሩ እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቸልተንሃም ላይ ተቀናቃኙን በ18 የፈረስ ርዝመት ጥሎት ገባ። ዕድሜው 11 ነበር። ይህ ነው ያለቀለት ፈረስ?

የመጨረሻ ውድድሩ በመጋቢት 2022 ነበር። ዝናብ ሲወርድ ውሎ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። በ12 ዓመቱ እስከ መጨረሻው ታግሎ፣ አንድ የፈረስ ርዝመት በማይሞላ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው ዴልታ ወርክ የዚያው ጋጣ ፈረስ ነው፤ በእድሜ ደግሞ ታናሹ።