ሳይክል መስቀያው

ሳይክሌን ለዓመታት ገልብጬ ነው የጠገንኩት። መሪውና መቀመጫው መሬት፣ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ፣ እኔ ሥሩ ተንበርክኬ። ላየኝ ሰው ስለት ያለብኝ ነው የምመስለው። በመጨረሻ ወገቤ ሲያምፅ መስቀያ ገዛሁ። ዕቃ ቤቱን ጠራርጌ አንዱን ጥግ «ጋራዥ» አልኩት።

መስቀያ ማለት እግር ያለው ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ሳይክሉን የሚነክስ መንጋጋ አለው። በቃ። ግን የኋላ ጎማ መሬት ሲለቅ ሌላ ዓለም ነው። በአንድ እጅ ፔዳል እያዞርክ በሌላው ማርሽ ትቀይራለህ፤ ካቴናው ከጥርስ ጥርስ ሲዘል አፍንጫህ ሥር ታየዋለህ።

የመጀመሪያ ቀን ግን ከደስታ ብዛት መንጋጋውን የላይኛው ቱቦ ላይ እንደ ሞርሳ አጠበቅኩት። ስስ አሉሚኒየም ነው። ጭርምት አለ። ስርጉዱን እስከዛሬ በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ እቆጫለሁ። ለካ የሚነከሰው የመቀመጫው ዘንግ ኖሯል። (ዘንግ ቢጎዳ ይቀየራል፤ ቱቦው ግን ሳይክሉ ራሱ ነው።)

ከዚያ ሰው መጣ። የግራውን ፔዳል ልፈታ ስል የባለቤቴ ወንድም መፍቻውን ነጠቀኝ። «ጋሼ፣ ዞር በልልኝ፤ ይሄ ጉልበት ነው የሚፈልገው!» ጉልበቱስ አለው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ መስቀያው ተንገዳገደ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልብጥ ነው፣ የሚፈታው እንደ ሰዓት ሲዞር ነው ብል ማን ይስማኝ? ጎረቤታችን ደግሞ «ዝጎ ነው» ብለው ዘይት ጠብ አደረጉና ያግዙት ጀመር። ሁለቱ ተጋግዘው ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበቁልኝ።

ጎረቤቴ ሲወጡ መስቀያውን መታ መታ አድርገው «መቼም ዝም ብሎ አይቆምም» አሉ። በማግስቱ የልጃቸውን ሳይክል አመጡ። በሳልስቱ የእህታቸውን ልጅ፣ ከነጓደኞቹ። ካቻቢቴ ይዞ የመጣ የለም። አስተያየት ግን ያልያዘ የለም።

ትናንት የራሴ ፍሬን ጮኸብኝ። ወደ ጋራዤ ሄድኩ። መስቀያው ላይ ካፖርት፣ ሁለት ሹራብና አንድ ብርድ ልብስ።

«እንዳታነሳው!» አለች ባለቤቴ ከውስጥ። «አልደረቀም።»

ሳይክሌን ገለበጥኩት።