ቁርጥ ወይስ ዝርዝር? የሕንፃ ፓኔል ቅየራ ዋጋ ሲያከራክር

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ዋና የኤሌክትሪክ ፓኔሉ ይቀየር ተባለ። ምድር ላይ ካፌና ፋርማሲ፣ ከላይ ቢሮዎችና አንድ የጥርስ ክሊኒክ አሉበት። ሦስት ፕሮፎርማ ገባ። ሁለቱ በዝርዝር የተጻፉ ናቸው፤ ሦስተኛው ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ፓኔል መቀየር፣ ከነዕቃው»፣ ከጎኑም ቁርጥ ዋጋ። ክርክሩ በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ለቁርጡ የሚከራከሩት ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ተከላ ያሳለፉ ተቋራጭ ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ የሕንፃው አስተዳዳሪ ናቸው።

ተቋራጩ፦

ዝርዝር የሰጠሁት ደንበኛ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ወረቀቴን አጥፎ መርካቶ ይወርዳል። ከዚያ «ይቺን ብሬከር በግማሽ ዋጋ አገኘኋት» ብሎ ይደውልልኛል፤ ሾርት ሲያደርግ ወይም ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጠዋን ማለቱ ነው። ማግኘቱን አልክድም። ግን ያገኛት ሌላ ናት። የእሱም ፊቷ ላይ 250 አምፒር ይላል፣ የእኔም 250 አምፒር ይላል። ከታች በትንሹ የተጻፈውን፣ ሾርት ሲያደርግ ስንት ኪሎ አምፒር መቁረጥ እንደምትችል የሚናገረውን ቁጥር ግን አላየውም። 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ኢምፔዳንሱ (በውስጡ ለሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 4 በመቶ ከሆነ፣ እዚያው ጫፉ ላይ ሾርት ቢፈጠር ወደ 23 ኪሎ አምፒር ገደማ ይለቃል። ለዚያ ሕንፃ 18 የምትችለዋን ገዝቶ ሲያመጣ እኔ ምን ልበለው?

ሌላም አለ። ለእነዚህ ብሬከሮች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስበው ከባሕር ጠለል እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። እኛ ደግሞ ከ2,300 በላይ ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃው እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም፤ የአምራቹን ሠንጠረዥ አይቶ ቀነስ አድርጎ ማስላት ያስፈልጋል። ይህን በየትኛው መስመር ልጻፈው? «የከፍታ ሒሳብ፣ ይህን ያህል ብር» ልበል? ዕውቀት በፍሬና በሜትር አይቆጠርም። ቁርጥ የምለው ለዚህ ነው።

አስተዳዳሪዋ፦

ጋሼ፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ የጠቀመው ግን እኔን ነው። ኪሎ አምፒሩ ይህን ያህል ከለየ ፕሮፎርማው ላይ ይስፈር። ቁርጡ ላይ እኮ «ከነዕቃው» ከማለት በቀር ምንም የለም። ርካሿን ሰቅለውልኝ ቢሄዱ በምን እይዝዎታለሁ? በእርስዎ ደግነት? እርስዎስ ደግ ይሁኑ፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ተቋራጭስ?

ደግሞ ሁለቱን ዝርዝሮች ስላነበብኩ ያወቅሁትን ልንገርዎት። አንዱ ዋናውን ብሬከር 250 አምፒር ብሎታል፣ ሌላው 400። ሕንፃው አንድ ነው። ለካስ ሁለቱም የጠየቁት አሮጌው ስንት እንደነበር ነው እንጂ ዛሬ ስንት እንደምንጠቀም አልለኩም። ዝርዝር ባይኖር ይህን ከየት አየው ነበር? ርካሹን ቁርጥ መርጬ እፈርም ነበር።

ተቋራጩ፦

እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ሳይለኩ ዋጋ መስጠት ነውር ነው። ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ሕንፃው በአንድ ጊዜ የሚስበው 100 ኪሎ ዋት ከሆነ፣ በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ፣ ፓወር ፋክተሩን (ከሚሳበው ኤሌክትሪክ በእርግጥ ሥራ የሚሠራውን ድርሻ) 0.8 ብንለው፣ 190 አምፒር ይመጣል። የእኛን ከፍታና የነገውን ጭማሪ አስበው 250 ይበቃ ወይም አይበቃ እንደሆነ ይወስናሉ። 400 ያለው ሰው ወይ ሊፍት ሊጨመር እንደሆነ ሰምቷል፣ ወይ ፈርቷል።

ግን እህቴ፣ ዋናው ነጥብ ኃላፊነቱን ማን ይሸከም የሚለው ነው። ቁርጥ ስፈርም «የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ» ማለቴ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ያኔ ቁርጥ ፈርሜ የተቀበልኩት ሥራ ነበረኝ፤ ቀብዱን በልቼ ኬብሉን ግን ገና አልገዛሁም። ደንበኛው አንድ ብር አልጨመረልኝም። ሥራውን ጨርሼ አስረከብኩ፣ ኪሳራውም የእኔ ሆነ።

አስተዳዳሪዋ፦

አዘንኩልዎ። ግን ያ ኪሳራ ዛሬ የት እንዳለ ልጠይቅ? በእያንዳንዱ አዲስ ቁርጥ ውስጥ ተሸጉጧል። ዶላሩ ባይንቀሳቀስ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ኬብል ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ለክፉ ቀን ብለው የጨመሩት ገንዘብ ወደ እኔ አይመለስም። የእኔ አክሲዮነኞች ላልደረሰ አደጋ ከፍለዋል ማለት ነው።

ከዚያ የእኔ ሐሳብ ይሻላል። ቀብዱ በተከፈለ ማግሥት መዳቡና ብሬከሩ በደረሰኝ ይገዙ፤ በቃ፣ ዶላሩ ያሻውን ይሁን። ደረሰኙ ለሌላም ይፈለጋል፤ ሕንፃችን የቫት ተመዝጋቢ ነው፣ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ላይ 15 በመቶውን አላወራርድም። ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ደግሞ «መጠባበቂያ» ተብሎ ለብቻው ይያዝ፤ የእርስዎና የእኔ ፊርማ ካላረፈበት አይነካም።

(ከአዘጋጁ፦ እዚህ ላይ ተቋራጩ መልሳቸውን ለመላክ ሁለት ቀን ወሰዱ። በመሃሉ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከታች ያለው ሲነበብ ይታወቃል።)

ተቋራጩ፦

ፊርማ ይባላል፤ ሥራው የሚሠራው ግን መቼ ነው? ካፌው ሲዘጋ፣ ቅዳሜ ማታ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር እንዲቋረጥ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ቀድመን አመልክተናል፤ የቆጣሪውን ማኅተም እኔ መንካት አልችልም። የፋርማሲው ፍሪጅ በጄኔሬተር ይዟል። አሮጌውን ፓኔል ሳወርድ ኒውትራሉና ኧርዙ (የመመለሻውና የመሬቱ ሽቦ) አንድ ላይ ታስረው አገኛለሁ። የኬብሉ ልባስ ደርቋል፣ ላጥፈው ስል ይሰነጠቃል። ሌላው ኬብል ደግሞ ለአዲሱ ፓኔል አንድ ክንድ ያጥራል። ከመስመሮቹ ግማሾቹ የማን እንደሆኑ የተጻፈባቸው የለም፤ አንዱን ስነቅል ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ይጮሃል። እንግዲህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሜትር ኬብል ለመጨመር ፊርማ ፍለጋ ማንን ልቀስቅስ?

አስተዳዳሪዋ፦

እኔን። እዚያው ነኝ። ያ ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን አለ፤ ቤቴ የምተኛ ይመስልዎታል?

ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መገረም የለብንም። ኒውትራልና ኧርዝ መቀላቀሉ፣ ኬብሉ ማጠሩ፣ የመስመሮቹ ባለቤት አለመታወቁ ፓኔሉ ተከፍቶ ቢታይ ቀድሞ የሚታወቅ ነው። አንድ ቀን መጥተው ይክፈቱት፣ መስመሮቹን ይለዩ፣ አምፒሩን ይለኩ። የዚያን ቀን ዋጋ ሥራውን ብሰጥዎትም ባልሰጥዎትም እከፍላለሁ።

ተቋራጩ፦

ይህን ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በዚህ ከተማ ማየት ነፃ ነው ተብሎ ይታሰባል። አምስት ተቋራጭ ይጠራል፣ አምስቱም ቆመው በባትሪ ያያሉ፣ አምስቱም የማያውቁትን ገምተው ይጨምሩበታል። ማየቱ ከተከፈለ ለክፉ ቀን ብዬ ከማስቀምጠው ግማሹን እቀንሳለሁ፤ በጽሑፍም እሰጣለሁ። የብሬከሩን ኪሎ አምፒርና የባስባሩን (ፓኔሉ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን የመዳብ ዘንግ) ስፋትም እጽፋለሁ።

የእጅ ዋጋዬን ግን ለብቻ አልጽፍም። ስጽፈው «ለሁለት ሌሊት ሥራ ይህን ሁሉ?» ይባላል። ሁለቱን ሌሊት ብቻ ነው የሚያዩት።

አስተዳዳሪዋ፦

ያ ለእኔ ይተውልኝ። «ባለሙያው ተሳስቶ ቢሆን ሕንፃው ይቃጠል ነበር» ብዬ ለአክሲዮነኞቹ የምከራከር እኔ ነኝ፤ የምከራከርለት ቁጥር ግን ይስጡኝ። ጥያቄ ይቀረኛል። የሚወርደው አሮጌ ፓኔል የማን ነው?

ተቋራጩ፦

በልማዱ የሠራተኞቹ ነው።

አስተዳዳሪዋ፦

ልማዱን ለካሁት። ውስጡ ያለው ባስባር 40 በ5 ሚሊ ሜትር መዳብ ነው፤ አንድ ሜትሩ 1.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል። ከ10 ኪሎ በላይ መዳብ ማለት ነው፣ ኬብሉን ሳንቆጥር። ቆራሌው በየጠዋቱ በራችን ላይ ሲጮህ እኔም ዋጋ እጠይቃለሁ።

ተቋራጩ፦

እሱን እኮ ከዋጋዬ ላይ አስቀድሜ ቀንሼልዎታለሁ።

አስተዳዳሪዋ፦

ስንት?

ተቋራጩ፦

በስልክ እነግርዎታለሁ።

አስተዳዳሪዋ፦

አይ ጋሼ፣ በመስመር ይጻፉልኝ።