አጨብጭቡ፣ ቢሊዮኑ ተፈርሟል!

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ቢሊዮን ዶላር ተፈረመ። በየትኛው ታዳጊ ሀገር እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለውጥ የለውም። ጠረጴዛው ያው ነው። ሁለት ትንንሽ ባንዲራ፣ ሁለት የቆዳ ማህደር፣ ከፈራሚዎቹ ጀርባ ቆሞ ገጽ የሚገልጥ አንድ ትሁት ሰው። ፈርመው ይነሣሉ፣ ማህደር ይለዋወጣሉ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ ካሜራው ዞረው ይደርቃሉ። ግድግዳው ላይ በኮምፒውተር የተሣለው ከተማ ተሰቅሏል፤ ሕንጻው ሁሉ መስታወት፣ ዛፉ ሁሉ እኩል፣ መንገዱ ላይ ጥላ የሌላቸው ሰዎች ውሻ ይዘው ይንሸራሸራሉ። እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ፊርማ ላይ፣ በሌላ አህጉር፣ ያንኑ ውሻ ይዘው ነበር።

እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ላመሰግን ነው። የመግባቢያ ሰነድ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሰበውን ሰው ነፍሱን ይማረው። በሕግ ማንንም አያስገድድም፣ ማንንም አያስቀይምም። ገንዘቡ ስላልገባ አይሰረቅም፣ አይባክንም፣ ኦዲተር አይጠራበትም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው እስከ ዛሬ ያማረረ ይመስለን ነበር፤ ለካ ሪፖርት እያቀረበ ኖሯል።

የሪፖርቱ አሠራርም ምስጋና ይገባዋል። አንዱ ቢሊዮን ሲፈረም «ተሳበ» ይባላል። ፈቃድ ሲያገኝ «ተመዘገበ»። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል «ወደ ሥራ ገባ»። ድንጋዩን ሣር ሲውጠውና ሹሙ ሲለወጥ ደግሞ «በአዲስ መልክ ተጀመረ»። ደምሩት፤ አራት ቢሊዮን ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሚያወጣው ዓመታዊ የኢንቨስትመንት ሪፖርት የታወጁ ፕሮጀክቶችን ለብቻ፣ በእርግጥ የተንቀሳቀሰውን ገንዘብ ለብቻ ያሰፍራል። እንዲህ ያለ ሰው ደስታ የሚያደፈርስ ልማድ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። የገባውም ቢሆን ሁሌ ጭስ ማውጫ ይዞ አይመጣም፤ አንድ የውጭ ሰው ከቆየ ድርጅት የድምፅ መብቱን 10 በመቶ ከገዛ፣ አንድ ጡብ ሳይጨምር፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት ተብሎ ይመዘገባል።

ከሁሉም የምወደው ግን ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለሰውን ገንዘብ ነው።

አንድ ነጋዴ አስቡ። የሀገሩ ልጅ ነው፤ ገንዘቡንም ያፈራው እዚያው ነው። ፋብሪካ ልክፈት ብሎ መስኮት ላይ ሲቆም «ነገ ና» ይባላል። ነገ ይመጣል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። መሬት? ወረፋ አለው። ብድር? መያዣ አምጣ። ግብር? እሱ እንኳ ዛሬውኑ ይቻላል፣ በዚህ በኩል ግባ።

ሰውየው ብልህ ነው። ገንዘቡን ወደ አንዲት ደሴት ይልከዋል። እዚያ አንድ ጠበቃ ከምሳ በኋላ ተቀምጦ ኩባንያ ያቋቁምለታል፤ ሠራተኛ የሌለው፣ ወንበር የሌለው፣ የፖስታ ሣጥን ብቻ ያለው። ገንዘቡ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይመለሳል። የውጭ ባለሀብት ሆኖ!

ያው መስኮት ነው፣ ያው ጸሐፊ። አሁን ግን «ነገ ና» ቀርቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሆኗል፣ ከአበባ ጋር። አስተርጓሚ ይመደብለታል። ነጋዴያችን ጥያቄውን ከአስተርጓሚው ቀድሞ ሰምቶታል፤ ግን ፊቱን ቆጠር አድርጎ እስኪተረጎምለት ይጠብቃል። አንድ ቀን ዘንግቶ ሳይተረጎምለት «አዎ» ብሎ ቢመልስ፣ ኃላፊው «ቋንቋችንን በምን ፍጥነት ለመዱት!» ብለው አደነቁት። ማታ በዜና «ከባሕር ማዶ የመጡት ባለሀብት» ተብሎ ሲታይ እናቱ ግራ ገባቸው፤ «ጠዋት ከዚሁ እኮ ነው የወጣው» አሉ። ጎረቤቶቻቸው ዝም አሰኟቸው። ኢንቨስትመንት ይደነግጣል።

መሬቱ በሳምንቱ ተሰጠ። ማሽኑ ከቀረጥ ነፃ ገባ። ግብሩ ለአስር ዓመት እፎይታ አገኘ። በአስረኛው ዓመት ማብቂያ ኩባንያው ድንገት ታመመና ሞተ፤ በማግሥቱ ታናሽ ወንድሙ ተወለደ፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ዘበኛ። የተለወጠው በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም ቀለሙ ስስ ስለሆነ የሟቹ ስም ከሥር ይነበባል። ታናሽየውም አዲስ ባለሀብት ነውና አስር ዓመቱ ተሰጠው። መንገዱን ተሻግሮ ያንኑ ዕቃ የሚያመርተው፣ ባርኔጣ መግዛት ያልታየው ሰው፣ ግብሩን በየዓመቱ ከነቅጣቱ ይከፍላል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

አጋነንክ የምትሉ አትጠፉም። ሞሪሽየስ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 ከሕንድ ጋር የተፈራረመችው የግብር ስምምነት በ2016 እስኪሻሻል ድረስ፣ ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ሀገር ከቀዳሚዎቹ የኢንቨስትመንት ምንጮች አንዷ ሆና ኖራለች፤ የሕንዶች የራሳቸው ገንዘብ በዚያ በኩል ዞሮ እየገባ ነው የሚለው ክርክርም ሕንድ ውስጥ ለዓመታት ሲነሣ ቆይቷል። ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶችም ጥቂት አሥር ሺህ ነዋሪ ይዘው ቻይናን ካበለጸጉት ግንባር ቀደም ባለሀብቶች ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት አልጠፉም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2019 ያሳተመው ጥናት ደግሞ በዓለም ከተመዘገበው የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው፣ 15 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ፣ እውነተኛ ሥራ በሌላቸው ባዶ ኩባንያዎች በኩል የሚያልፍ ነው ይላል። ያኔ 600 ሺህ ሰው ይኖርባት የነበረችው ሉክሰምበርግ 4 ትሪሊዮን ዶላር ተመዝግቦላት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 6.6 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው፣ ጨቅላውንም ጨምሮ። ይህን ያህል ባርኔጣ የት ተሰፍቶ እንደሚደርስ እንጃ።

ፋብሪካው በእርግጥ ሲቆም ደግሞ ሌላ ተአምር አለ፤ በየዓመቱ እየከሰረ ያድጋል። ለዓርማው ለእህት ኩባንያው ይከፍላል፣ ለምክር ሌላ ደሴት ላይ ላለች እህት ይከፍላል፣ ከእናት ኩባንያው ለተበደረው ወለድ ይከፍላል። የሚተርፈው ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ ደግሞ ግብር የለበትም። አስር ዓመት በተከታታይ ከስሮ ሁለተኛ ፋብሪካ ያስገነባ ሰው አይታችሁ ካላጨበጨባችሁ ምቀኞች ናችሁ።

ሁሉም ባዶ ነው አላልኩም። ኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ስትስብ የቴክኒክ ትምህርቷንም አብራ አዘጋጅታ ነበር፤ ማምረቻው በ2014 ሲዘጋ የሠለጠነው ሰው ቀረላት፣ ዛሬ የሕክምና መሣሪያ ትልቁ የውጭ ሽያጯ ነው። ግን ይህን ለማድረግ ከፊርማው በፊትም በኋላም ሥራ ያስፈልጋል፤ ማን ጊዜ አለው?

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ነገር አለ። ባለሀብቶቹ የሚፈርሙልን የመግባቢያ ሰነድ ማንንም አይዝም። እኛ የምንፈርመው የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት፣ ሁለት መንግሥታት አንዱ የሌላውን ባለሀብት ሊጠብቅ የሚዋዋሉት፣ ግን አንገት ይይዛል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠረው የዚህ ዓይነት ውል የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1959 ጀርመንና ፓኪስታን የፈረሙት ነበር። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2019፣ ፓኪስታን በሌላ ተመሳሳይ ስምምነት ተከስሳ ለአንድ የማዕድን ኩባንያ የማውጣት ፈቃድ በመከልከሏ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ክፈይ ተባለች። ኩባንያው ለፍለጋ አወጣ የተባለው ወደ 220 ሚሊዮን ነው፤ የቀረው ወደፊት ላተርፍ እችል ነበር ያለውና ወለዱ ነው። በዚያው ወር የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለፓኪስታን 6 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የካሣው ጉዳይ በኋላ በድርድር አለቀ፤ ቢያልቅም፣ ያልወጣ ማዕድን ያላተረፈው ትርፍ ድሃ ሀገር ላይ ዕዳ ሆኖ ሲቆጠር «ሉላዊነት ነው፣ ምን ይደረግ» የሚል ሰው አላጣንም። የእነሱ የወደፊት ትርፍ ዕዳ ከሆነ፣ ለእኛ የተፈረመልን የወደፊት ቢሊዮን ለምን ዕዳ አይሆንም? «አምስት ሺህ ሥራ እፈጥራለሁ» ብሎ መሬት ወስዶ አጥሮ የጠፋውን በየትኛው ችሎት ነው የምንከስሰው?

በሉ ተረጋጋሁ። ወደ ምስጋናው ልመለስ፤ ጎረቤታሞች እርስ በርስ የሚያደርጉት ፉክክር ቀርቶኛል። አንዱ አምስት ዓመት እፎይታ ሲሰጥ፣ አዋሳኙ አስር ይሰጣል፤ ሦስተኛው አስራ አምስት ከነመሬቱ። ባለሀብቱ መሐል ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የዓለም ባንክ የኩባንያ ኃላፊዎችን ሲጠይቅ በቅድሚያ የምንፈልገው ሰላምና የሕግ መረጋጋት ነው፣ የግብር እፎይታ ከእነዚህ በታች ነው ብለዋል። ይሉኝታ ይዟቸው ይሆናላ! እኛ እንስጥ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ከ130 በላይ ሀገሮች ትልልቅ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ግብር ይክፈሉ ብለው ሲስማሙ ጨዋታው ያበቃ መስሎ ነበር። የተቀናጡ አማካሪዎች ግን ወዲያው መላ አገኙለት፤ ግብሩን በቀኝ እጅ ተቀበሉ፣ በግራ እጅ በድጎማ ስም መልሱለት። ሕጉ ተከበረ፣ ባለሀብቱም አልተከፋ። የባንክ ማስተላለፊያ ክፍያውን ደግሞ፣ እንግዳ አይደል፣ እኛው እንችለዋለን።