አንድ እስር ሃይድሮጂን

እሁድ ከሰዓት የዕቁባችን ቀን ነው። ዕጣው ይወጣል፣ ብሩ ይቆጠራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል። ባለፈው እሁድ ግን ኑሮውን ትተን በሃይድሮጂን ተጨቃጨቅን።

ነገሩን ያመጣው የአንዱ ዕቁብተኛ ልጅ ነው። 10ኛ ክፍል ነው። አባትየው የልጁን የኬሚስትሪ ፈተና ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞት መጥቷል። ከ10 ሦስት። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልጁ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ እሱን ብሆን ገና ወረቀቱ ሲወጣ ዘወር እል ነበር።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። 10 ግራም ሃይድሮጂንና 40 ግራም ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ቢሆኑ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው? ስንት ግራም ውሃ ይገኛል?

ልጁ "ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን" ብሎ በሥርዓቱ ጀምሯል። ሥራው ግን አንድ መስመር ናት። ሃይድሮጂኑ ቀድሞ ያልቃል፣ 10 ከ40 ስለሚያንስ። ውሃው 50 ግራም ነው።

"እኔ ስህተቱ አልታየኝም" አለ አባትየው። መለዋወጫ ነጋዴ ነው። "አሥርና አርባ ሃምሳ ነው። ያነሰው ነገር ቀድሞ ያልቃል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?"

መካከላችን ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር አሉ። ያላስተማሩንም ጭምር "ቲቸር" ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ጎተት አደረጉት።

"ያነሰው በምን?" አሉ። "በግራም ነው ያነሰው። ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሲዋሃዱ ግራማቸውን አይጠይቁም። ስንት ነን ብለው ነው የሚጠይቁት። ሁለት የሃይድሮጂን ሞለኪውል ለአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል። ግራሙን ወደ ሞል ሳትለውጥ እንዴት ታወዳድራለህ?" ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። "ለመሆኑ ሞል ምንድን ነው?"

ልጁ ይህቺን ይጠብቅ ነበር። "ሲክስ ፖይንት ዜሮ ቱ ታይምስ ቴን ቱ ዘ ፓወር ትዌንቲ ስሪ" አለ፣ ሳይተነፍስ።

"የምኑ?"

ዝም።

"ይኸው ነው ልጆቻችንን የሚያሳብደው!" አለ አባትየው። "ይህ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል? ፋርማሲስት አለችን፣ ትጠየቅ። በሞል ነው በግራም የምትሠሪው?"

ፋርማሲስቷ ከሁላችንም በዕድሜ ታንሳለች፣ ለክርክር ግን ማንንም አታስቀድምም። "በግራምና በሚሊግራም" አለች። "ይህንንም ያለ ሞል እሠራዋለሁ።" ናፕኪን ላይ ጻፈች። 4 ግራም ሃይድሮጂን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። እና 40 ግራም ኦክስጅን የሚፈልገው ስንት ነው? በመስቀል አባዛች። 5 ግራም። "10 ግራም ሃይድሮጂን አለ፣ የሚያስፈልገው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። ውሃው 45 ግራም። አለቀ። ሞል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።"

አባትየው ደስ አለው። መልሱ የልጁን መልስ አፈር እንዳበላው ገና አላስተዋለም።

"ጎበዝ" አሉ ቲቸር። "4ን እና 32ን ግን ከየት አመጣሻቸው?"

"ከፔሪዮዲክ ቴብል። ሃይድሮጂን 1፣ ኦክስጅን 16..."

"ለምን ሃይድሮጂኑን በአራት አባዛሽ?"

"ሁለት ሞለኪውል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሁለት አተም..." አለችና ሳቀች። "እሺ፣ ሞል ደብቄ አስገብቻለሁ።"

ተይዛም ግን እጅ አልሰጠችም። መደበቁ ምን ክፋት አለው አለች። ትምህርት ቤት እያለች አንድ መምህር በዚሁ መንገድ የሠራችውን ትክክለኛ መልስ "ፎርሙላው የለም" ብሎ ዜሮ እንደሰጣት ነገረችን። ቂሙ እስካሁን አለ፣ ፊቷ ላይ ይታያል።

ጸሐፊያችን እስከዚህ ድረስ አልተናገረም። እህል ነጋዴ ነው። ከፊቱ የዕቁቡ ብር ተደርድሯል። ሁለት እስር አንስቶ ልጁን ጠራው።

"ይህ ባለ 50 ነው። ስንት ብር ነው?"

"አምስት ሺህ።"

"ይህ ባለ 200 ነው።"

"ሃያ ሺህ።"

"ወረቀቱስ? የቱ ይበዛል?"

"እኩል ነው። መቶ መቶ ናቸው።"

"አየህ፣ አንተ ብሩን ነው ያወዳደርከው። ቲቸር የጠየቁህ ወረቀቱን ነው። ሞል ማለት እንዲህ ያለ እስር ነው፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ እኩል። መጀመሪያ ስንት እስር እንዳለህ ቁጠር። ሃይድሮጂን እስሩ ስንት ግራም ነው?"

"ሁለት።"

"10 ግራም ስንት እስር ይሆናል?"

"አምስት።"

"ኦክስጅንስ? እስሩ 32 ከሆነ 40 ግራም ስንት ነው?"

ልጁ ትንሽ ቆየ። "አንድ ከሩብ።" ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። "ለአንዱ ሁለት ሃይድሮጂን ያስፈልገዋል። ለአንድ ከሩቡ ሁለት ተኩል። አምስት አለኝ። ኦክስጅኑ ነው የሚያልቀው!"

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ቲቸር ግን መምህር ናቸውና አልለቀቁም። "ምሳሌህ ቆንጆ ነው" አሉ ጸሐፊውን። "ግን ያንተን እስር ባንክ ቆጥሮ አስሮልሃል። ሃይድሮጂንን ማን ቆጠረልን?"

ይህ ጥያቄ ነው ቡናውን ያስረዘመው። መልሱን እሳቸው ራሳቸው ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1811 አቮጋድሮ የሚባል ጣሊያናዊ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሙቀትና ግፊታቸው እኩል ከሆነ፣ እኩል ቦታ የያዙ ጋዞች የሞለኪውላቸው ቁጥር እኩል ነው አለ። ሁለት እኩል ፊኛ ወስደህ አንዱን በሃይድሮጂን፣ አንዱን በኦክስጅን ሙላ። የኦክስጅኑ ጋዝ በ16 እጥፍ ይከብዳል። እንግዲህ አንዱ የኦክስጅን ሞለኪውል ከአንዱ የሃይድሮጂን ሞለኪውል 16 ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው። አንድም ነገር አልቆጠርክም።

"ማለት፣ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ እኩል መሆኑን አወቀ?" አለ ጸሐፊው።

"አቮጋድሮ ቁጥሩን ሳያውቅ ነው የሞተው፣ በ1856። ሐሳቡንም ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1860 ጀርመን አገር ካርልስሩህ ከተማ ላይ ኬሚስቶች ሲሰበሰቡ ካኒዛሮ የሚባል የአገሩ ሰው ነው ያነሣለት። የሞለኪውልን መጠን ሎሽሚት የሚባል ሳይንቲስት የገመተው በ1865 ነው። 'የአቮጋድሮ ቁጥር' የሚለውን ስም ፔሪን የሚባል ሌላ ሳይንቲስት ያወጣው ደግሞ በ1909።"

አባትየው ጠረጴዛውን መታ። "ታዲያ አቮጋድሮ ራሱ ያላወቀውን ቁጥር የኔ ልጅ ለምን ይሸመድዳል?"

ሁላችንም ሳቅን። ቲቸርም ሳቁ፣ ግን መልስ አላጡም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሞል የሚተረጎመው በቁጥሩ ነው አሉ። 6.02214076 ሲባዛ በ10 ኃይል 23፣ ልክ ይህን ያህል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። በፊት 12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ባሉት አተሞች ይለካ ነበር።

እኔ በዚህ መሃል ስልኬን አውጥቼ አንድ ሞል ጤፍ ስንት እንደሚሆን እያሰላሁ ነበር። ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጦ ሌላ ምን ይታሰባል። አንድ ፍሬ ጤፍ 0.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። አገራችን በዓመት 50 ሚሊዮን ኩንታል ታመርታለች ብንል አንድ ሞል ጤፍ ለመሙላት 36 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። አንድ ሞል ውሃ ግን 18 ግራም ናት፣ አንድ ጉንጭ። ጸሐፊው ይህን ሲሰማ "ዋጋው ይወርድ ነበር" አለ።

ፋርማሲስቷ ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር አመነች። የተቅማጥ ኦአርኤስ አለ አይደል፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሻሻለው ቅመማ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ ሌላም አለው። በግራም ስታየው ጨውና ስኳሩ አይገናኙም። በሞል ስታየው ግን ሶዲየሙ 75 ሚሊሞል ነው፣ ግሉኮሱም 75። ከሶዲየሙ ከግማሽ በላይ ከጨው፣ የቀረው ሲትሬት ከሚባለው ሌላ ቅመም ይመጣል። አንጀት ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አያይዞ ስለሚያስገባ ነው ቁጥራቸው የተመጣጠነው። "ማሸጊያው ላይ በግራም ነው የማነበው" አለች። "የቀመሩት ሰዎች ግን በሞል ነው ያሰቡት።" አባትየው ከዳችኝ ብሎ አያት።

ፍርድ ስጥ ተባልኩ። እኔ የማደላው ለጸሐፊው ነው። የፈተናው መልስ ስህተት ነው፣ በዚያ ክርክር የለም። ነገር ግን ልጁን የጣለው ስንፍና አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠው ቁጥሩ ነው፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ሳይነገረው። እዩት እስቲ፣ በዚያ ሁሉ ስሌት ውስጥ 6.02 አንድ ቦታ ገብታለች? 10ን ለ2 አካፈልን፣ 40ን ለ32 አካፈልን፣ በቃ። ያ ቁጥር የሚያስፈልገው "ስንት ሞለኪውል አለ?" ሲባል ነው። ስንት ግራም፣ የቱ ያልቃል፣ ምን ይተርፋል ለሚለው እስሩ ይበቃል። እኔ ባስተምር ቁጥሩን የማመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የፋርማሲስቷንም መልስ ዜሮ የሰጠውን መምህር ጥፋተኛ እለዋለሁ፣ እሱም እንደ ልጁ ፎርሙላውን ሸምድዶ ይሆናል።

ቲቸር በዚህ አልተስማሙም። የሚቀጥለው እሁድ ይቀጥላል ብለዋል።

አባትየው ሲወጣም "አሥርና አርባ ሃምሳ ነው" እያለ ነበር። በር ላይ ይዤው ናፕኪኑን አሳየሁት። 45 ግራም ውሃ፣ 5 ግራም የተረፈ ሃይድሮጂን። ደመረው። "አላልኳችሁም!" አለ።