የተነከሰውን ማን ያስታምመዋል?

የአሥራ አምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ዞምቢዎች ከተማውን ቢወሩትና እማዬን ቢነክሷት ምን ያደርጋሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። እህቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። የምታያቸው ፊልሞችና የምትጫወታቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መልሱን አስቀድመው ሰጥተዋታል፦ የተነከሰ ሰው ወደ ዞምቢነት ሳይለወጥ መገደል አለበት፤ ያመነታ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ ያስፈጃል። ዝም ማለቴን አይታ «ካልገደሏት እኮ ሁላችንም እናልቃለን» አለችኝ፤ እናቷ ፊት፣ በረጋ ድምፅ።

ያ የረጋ ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሕያዋንን የሚነክሱበት ቀን እንደማይመጣ እኔም እሷም እናውቃለን። ታሪኩ የሚያስተምራት ስለ ጎረቤቶቿ ነው፦ ሰው ጨዋ የሚሆነው መብራት፣ ውኃና ፖሊስ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው፤ እነዚህ የጠፉ ዕለት «ከራስ በላይ ነፋስ» ብቸኛው ሕግ ይሆናል፤ ርኅራኄ የሰላም ጊዜ ቅንጦት ነው ይላታል። ይህ ትምህርት ውሸት ነው። ውሸት ብቻ ሆኖ ቢቀር ዝም ባልኩ፤ ግን ሰው ያስገድላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ መታት። የጎርፍ መከላከያዎቹ ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ሱፐርዶም በተባለው ስታዲየም ተጠለለ። ወሬው ወዲያው ተነዛ፦ በስታዲየሙ ሕፃናት ይደፈራሉ፣ ሬሳ ተከምሯል፣ ከተማዋ በወንበዴዎች እጅ ወድቃለች ተባለ። ከንቲባውና የፖሊስ አዛዡ ሳይቀሩ ይህንኑ በቴሌቪዥን ደገሙት። ነገሩ ሲጣራ በስታዲየሙ የተገኘው አስከሬን ስድስት ነበር፤ ከስድስቱ አንዱም በሌላ ሰው እጅ የተገደለ አልነበረም። ወሬው በሚነዛበት በዚያው ሳምንት ተራ ሰዎች በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎቻቸው እየቀዘፉ የማያውቋቸውን ሰዎች ከጣሪያ ላይ ያወርዱ ነበር።

ከጎርፉ ሸሽተው በእግራቸው ድልድይ ሊሻገሩ የመጡ ሰዎችን ግን የማዶዋ የግሬትና ከተማ ፖሊሶች ወደ ሰማይ እየተኮሱ መለሷቸው። መስከረም 4 ቀን ደግሞ የኒው ኦርሊንስ ፖሊሶች በዳንዚገር ድልድይ ላይ መሣሪያ ባልያዙ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፣ አራት አቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረበት ሰው ነበር፤ የተመታውም ከጀርባው ነው። ፊታቸው የነበረው ከጎርፍ የተረፈ ቤተሰብ ነው፤ እነሱ ግን ሲወራ የሰነበተውን ወንበዴ አዩ።

የእህቴ ልጅ ይህን ብትሰማ «እነዚያ ሰዎች አልተነከሱም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የተነከሰ ሰው በእርግጥ በነበረበት ቦታ ምን ተደረገ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የተዛመተው ኢቦላ ከማውቃቸው መከራዎች ሁሉ ለዞምቢ ታሪክ የቀረበው ነው። በሽታው በታማሚው ደም፣ ትውከትና ሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ይተላለፋል፤ ሬሳው ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ሟች ሕያውን ይገድላል ማለት በዚያ አገር ምሳሌያዊ አነጋገር አልነበረም። በጊኒ ከታመሙት 60 በመቶ ያህሉ በሽታው የያዛቸው ከቀብር ሥርዓት ጋር በተያያዘ እንደነበረ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ሬሳ ማጠብ፣ መገነዝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መሳም፤ ሰው ለሰው የሚያደርገው የፍቅር ሥራ ራሱ ሰው ጨረሰ።

መጀመሪያ ላይ የተወሰደው እርምጃ ከፊልም የተቀዳ ይመስላል። በነሐሴ 2014 የላይቤሪያ መንግሥት በዋና ከተማው በሞንሮቪያ የሚገኘውን ዌስት ፖይንት የተባለ የድሆች ሰፈር በወታደር አጠረው። ለመውጣት በሞከሩት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ በእህቴ ልጅ ዕድሜ ያለ አንድ ልጅ ቆስሎ ሞተ። በከተማው የሞቱት ሁሉ እንዲቃጠሉም ታዘዘ። ሰዉ ምን አደረገ? በሽተኛውን ቤት ውስጥ ደበቀ፣ ሬሳውን በሌሊት ቀበረ፤ በሽታውም ተስፋፋ። አጥሩ በአሥረኛው ቀን ተነሣ። ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ ተገኘ፦ መከላከያ ልብስ የለበሱ ቀባሪዎች ሬሳውን ይይዛሉ፤ ቤተሰቡ ርቆ ቆሞ ያያል፤ ቄሱ ወይም ኢማሙ ጸሎት ያደርሳል፤ ሟቹ ስሙ የተጻፈበት መቃብር ያገኛል። ሰዉ ሬሳ መደበቅ የተወው ለሟቹ ክብር መሰጠቱን ሲያይ ነው።

አንድ ቁጥር ልጨምር። ከተያዙት 28,600 ያህል ሰዎች የሞቱት 11,300 ያህል ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተነክሰው ተርፈዋል ማለት ነው። ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ በሽታውን የመቋቋም አቅም ስላዳበሩ ወደ ሕክምና ጣቢያዎች ተመልሰው ወላጆቻቸው የታመሙባቸውን ሕፃናት አቅፈው አበሉ፣ አጠቡ። ሌላው በጓንትና በመነጽር ተሸፍኖ የሚቀርበውን ሕፃን እነሱ ያለ ፍርሃት ያቅፉት ነበር። በፊልሙ ሕግ ቢሆን እነዚህ ሞግዚቶች በመጀመሪያው ቀን በተገደሉ ነበር።

ሰው በመከራ ቀን ሁሉ መልአክ ይሆናል አልልም፤ የራሳችን ታሪክ አያስብለኝም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን የመታው ክፉ ቀን፣ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች በመጣ በሽታ የጀመረው፣ በሬውን ጨርሶ ማሳውን ጦም አሳደረው። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን ሸጡ፤ ሰዎች ለጉርሻ ሲሉ ራሳቸውን ለባርነት ሰጡ፤ የሰው ሥጋ የበሉም እንደነበሩ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ይህን ያነበበ ሰው እነዚያ ዞምቢ ፊልሞች እውነት ሳይሆኑ አልቀሩም ሊል ይችላል። እኔ ግን አንድ ልዩነት አያለሁ። የጎርፍ ሳምንት ሰውን ያቀራርባል፤ ዓመት ተሻግሮ የሚቆይ ረኃብ፣ ደራሽ ሲጠፋ፣ እናትንና ልጅን ይለያያል። ስለዚህ የመከራ ዘመን ሥነ ምግባር የሚወሰነው በአብዛኛው በጎተራው ነው፤ ጎተራው መኖሩና መከፈቱ።

አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፈቱ። ሌላም አደረጉ፦ በሬ ያጣው ሰው በእጁ እንዲቆፍር አዘዙና ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። በዚያ ዘመን ለመኳንንት መቆፈር ነውር ነበር። ኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታም ያለ ልቅሶ፣ ያለ ሙሉ ፍትሐት፣ ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ተቀብሯል። ያም ነውር ነበር።

በክፉ ቀን ነውር ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። ሬሳ ሳያጥቡ መቅበር፣ ሐዘንተኛን ሳያቅፉ መሄድ፣ መኳንንት ሆኖ ዶማ መያዝ፤ እነዚህን ነፍስ ለማዳን ሲባል መተው ይቻላል። የታመመውን «ይህ ከእንግዲህ ሰው አይደለም» ማለት ግን ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም። አንዴ ከተባለ ማን እንደታመመ የሚወስነው ጠመንጃ የያዘው ይሆናል፤ ዳንዚገር ድልድይ ላይ እንደሆነው።

ትናንት ለእህቴ ልጅ ደወልኩላትና በ2014 ላይቤሪያ ውስጥ ስለነበረች አንዲት የነርስነት ተማሪ ነገርኳት። አባቷ፣ እናቷ፣ እህቷና አብሯቸው ይኖር የነበረ ታዳጊ ዘመዳቸው በኢቦላ ታመሙ። የሚቀበላቸው ሆስፒታል ሲጠፋ እሷ ቤት ውስጥ ልታስታምማቸው ወሰነች። መከላከያ ልብስ አልነበራትም። በካልሲዋ ላይ የቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክ ከረጢት አሰረች፣ ቦት ጫማ አጠለቀች፣ በጫማው ላይ ሌላ ከረጢት ደገመች፤ የዝናብ ካፖርት ለበሰች፣ ጓንት በጓንት ላይ ደራረበች። በየቀኑ ደጋግማ እየለበሰችና እያወለቀች ሁለት ሳምንት ያህል አስታመመቻቸው። ሦስቱ ዳኑ።

«እሷስ ያዛት?» አለች የእህቴ ልጅ።

አልያዛትም አልኳት።

«አራተኛውስ?»

ልጁ እንደሞተ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ከረጢቱን እግሯ ላይ እንዴት አድርጋ እንዳሰረችው እንዳስረዳት ጠየቀችኝ።