የዳክዬው ግብር

ባለፈው የካቲት ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ወረቀቱ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። እኔ ገና ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር። አሜሪካ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ማለቂያ የለውም። ለሽርሽር ፈርም፣ ለፎቶ ፈርም፣ ክፍል ውስጥ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ አለና ማወቅህን ፈርም። ሳላነብ ፈረምኩ።

ማታ ላይ «አባዬ፣ ከወላጅ ጋር እዩ ይላል» ብላ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ካርቱን ነው። ደስ አለኝ። የቤት ሥራ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ወደ ኋላ ደገፍ አልኩ። ዶናልድ ዳክ፣ ያ ታዋቂው የካርቱን ዳክዬ፣ ብቅ አለ። የናዚ ዩኒፎርም ለብሷል።

ቆይ፣ ምን?

ፊልሙን የሠራው ዲዝኒ ነው። ስሙ በአማርኛ «የፉረሩ ፊት» እንደማለት ነው፣ ፉረር የሂትለር ማዕረግ ነው። የወጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 1943 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አለዚያ ለራሴም ይምታታብኛል።) ኦስካር ሁሉ አግኝቷል። ዶናልድ ናዚ አገር ይኖራል። ጠዋት በሳንጃ እየወጉ ይቀሰቅሱታል። ዳቦው ከመድረቁ የተነሳ በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። የእንቁላልና የሥጋ ሽታ እንደ ሽቶ አፉ ውስጥ ይረጫል፣ ቁርስ በላ ማለት ነው። ከዚያ ደብቆ ያስቀመጣትን አንዲት ፍሬ ቡና ያወጣና ሲኒ ውስጥ ነከር አድርጎ መልሶ ይደብቃታል።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጥታ ቆመች። አንዲት ፍሬ ቡና! በአንድ ፍሬ አቦል ወጥቶ ቶና ወጥቶ በረካ እንኳን ሊደገም ነው። ሂትለርን እንድንጠላው ከተፈለገ ለእኛ ቤት ይቺ ብቻ ትበቃ ነበር።

ዳክዬው ከዚያ ፋብሪካ ይገባል። በቀን 48 ሰዓት ሥራ ይሉታል። የጥይት ቀለህ ያጠብቃል፣ በመሃል የሂትለር ፎቶ በመጣ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ሰላምታ ይሰጣል። ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት ተሰጥቶሃል ሲሉት ከጀርባው የተራራ ሥዕል ይዘረጉለታል። እረፍቱ እሱ ነው። እኔ ሁለት ሥራ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይሄኛው ላይ እንደ ልጄ አልሳቅኩም። በመጨረሻ ያብድና ይነቃል። ለካ ሕልም ነው። አሜሪካ አልጋው ላይ ነው፣ ፒጃማው ራሱ ባንዲራ ነው። ትንሿን የነፃነት ሐውልት አቅፎ የዚህ አገር ዜጋ በመሆኔ እንዴት ደስ ብሎኛል ይላል። እኔ ራሴ ፓስፖርቱን የተቀበልኩ ቀን ያን ያህል አላደረገኝም።

አንድ ነገር ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ላይ የሚያልፍ የማርሽ ባንድ አለ። ትልቁን ከበሮ የሚደልቀው አገጩን የገተረ ወፍራም ሰውዬ ነው። ልጄ «ማነው ይሄ?» አለች። ሞሶሎኒ ነው አልኳት። «የአያቴ ሞሶሎኒ?» አለች። አዎ፣ የአያቷ። የእናቴ እናት ስለ ጣሊያን ዘመን ስታወራ ሰማዩን ቀና ብላ ታይ ነበር፣ መርዙ የመጣው ከዚያ ነውና። ፊልሙ ሲወጣ እኛ ነፃ ከወጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን አራት ወር ነው የቀረው። እነሱ ገና በከበሮ እየሳቁበት ነው። ለእኛ ሰውዬው ከበሮ መቺ አልነበረም።

ከካርቱኑ ጋር የመጣው የጥያቄ ወረቀት ነው ያናደደኝ። ወይም ያስቀናኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም። ይሄን ማን ሠራው? ማን ከፈለበት? አይተህ ስትጨርስ ምን እንድታደርግ ይፈልጋል? ማን ላይ ነው የሳቅከው? ያ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ቢሆን ትስቅ ነበር? በቃ፣ ይኸው ነው። ቀን የለው፣ የጦር ሜዳ ስም የለው። እኔ ታሪክ የተማርኩት ዓመተ ምሕረት በመሸምደድ ነው። አንድም ቀን ማን ከፈለበት የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶብኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ካርቱን ደግሞ ቀጥታ ወደ ቤቴ ገባ። በ1941 መጨረሻ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ዲዝኒን ሰው ግብር እንዲከፍል የሚገፋፋ ፊልም ሥራልኝ አለው። ከጦርነቱ በፊት አብዛኛው አሜሪካዊ የገቢ ግብር አይከፍልም ነበር። ጦርነቱ መጣና ሚሊዮኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርም ሊሞሉ ሆነ። ባለሥልጣኖቹ አንድ ተራ ግብር ከፋይ ተስሎ እንዲቀርብ ፈልገው ነበር። ዲዝኒ አይሆንም፣ ዶናልድን ነው የምሰጣችሁ አለ። ዳክዬው በሬዲዮ ጥሪውን ይሰማል፣ ቀለምና ወረቀት ደርድሮ ይቀመጣል፣ ሥራው ተዋናይ መሆኑን ይጽፋል፣ የደረሰበትን 13 ዶላር ይዞ ከሆሊውድ ዋሽንግተን ድረስ ይሮጣል። ከዚያ ሳቁ ይቆምና ግብሩ መድፍና መርከብ ሲሆን ይታያል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ኋላ ሲጠይቅ ካዩት ውስጥ 37 በመቶው ግብር ለመክፈል ያላቸውን ፈቃደኝነት እንደነካው ተናገሩ። ማን ከፈለበት ለሚለው ግን መልሱ ያስቃል። ለዲዝኒ የታሰበውን 80 ሺህ ዶላር የተወካዮች ምክር ቤት ከበጀቱ ሰረዘው። በጦርነት ሰዓት ለዳክዬ ይከፈላል ወይ ብለው ተቆጡ።

የእኔ ቁጣ ሌላ ነው። ዳክዬው ፎርሙ ላይ የሚያሳድጋቸውን ሦስት ልጆች ሞላ። የእህቱ ልጆች ናቸው! ሦስቱም! ተቀነሰለት! እኔም ሦስት የእህቴን ልጆች ነው የማሳድገው። ደሴ ናቸው። የቤት ኪራያቸው ከእኔ ነው፣ ዩኒፎርማቸው ከእኔ ነው፣ ትልቁ ስልክ ሰብሮ ስልኩም ከእኔ ነው። ፎርም የሚሞላልኝ ሰውዬ በየዓመቱ «ስንት ጥገኛ አለህ?» ይለኛል። እቆጥርለታለሁ። «እነዚህ አሜሪካ ይኖራሉ?» ይላል። አይኖሩም። «እንግዲህ...» ይልና እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ሜክሲኮና ካናዳ ቢኖሩ ኖሮ ነገር ነበረው። ደሴ ግን አይቆጠርም። ሰማንያ ዓመት አልፎ ዳክዬ በእህቱ ልጆች ተቀንሶለት እኔ አልተቀነሰልኝም። ይሄን ለልጄ ሳስረዳ ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ። «አባዬ፣ ጥያቄው ይሄ አይደለም» አለችኝ።

እሷ ከተኛች በኋላ አላስችል ብሎኝ መፈለግ ጀመርኩ። ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚባለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ስትደበድብ ወታደሮች ወዲያው የዲዝኒን ግቢ ይዘው ሰፈሩበት፣ አጠገቡ የሎክሂድ አውሮፕላን ፋብሪካ ነበርና። በጦርነቱ ጊዜ የዲዝኒ ሥራ ከ90 በመቶ በላይ ለመንግሥት ሆነ። ሚኒ ማውስ ሳትቀር የመጥበሻ ቅባት እንዳትደፉ፣ ፈንጂ ይሠራበታል በሚል ፊልም ለእናቶች ተቀጠረች። (እናቴ ቅባት ላለመድፋት ካርቱን አላስፈለጋትም።) እነዚህ ቀለል ያሉት ናቸው። ትምህርት ቤቱ ያልሰጠን ደግሞ አለ። ዋርነር ብራዘርስ በ1944 የሠራው ነው። ባግስ በኒ፣ ያ ልጆች የሚወዱት ካሮት በሊታ ጥንቸል፣ የጃፓን ወታደሮች ያሉበት ደሴት ይደርሳል። አይስክሬም ሻጭ ይመስልና ውስጡ ቦምብ ያለበት አይስክሬም ያድላቸዋል። እያደለ ፊታቸውን ይሰድባል። ዓይናቸውን፣ እግራቸውን፣ ዘራቸውን። ሂትለር ላይ ሲሳለቁ የሳቁት በሂትለር ነው። ጃፓን ላይ ሲደርሱ ግን በአንድ ሰውዬ አይደለም የሳቁት፣ በመልክ ነው። በ1990ዎቹ ፊልሙ በቪዲዮ ሲወጣ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ጮኸው ከገበያ ተነሳ።

እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ ያኔ? ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 አንድ ትእዛዝ ፈረመ። ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዘሮች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ ታጠሩ። አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ዜጎች ናቸው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ የፈረስ መጋለቢያ ጋጣ ውስጥ ያደሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ይቅርታውና ለእያንዳንዱ በሕይወት ላለ 20 ሺህ ዶላሩ የመጣው በ1988 ነው። እኔ ዲሲ ታክሲ ስነዳ ከዩኒየን ስቴሽን አለፍ ብሎ በሽቦ የተጠላለፉ ሁለት ወፎች ሐውልት አጠገብ ስንቴ ተሳፋሪ ጥያለሁ። አንድም ቀን ወርጄ አላነበብኩትም። ፓርኪንጉ ከባድ ነው።

ቀኑን አስተዋላችሁ? ፌብሩዋሪ 19 ማለት የካቲት 12 ነው። በ1937 በዚያው ቀን ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለና አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ታረደች። አምስት ዓመት ቆይቶ በዚያው ቀን እነሱ ያንን ፈረሙ። የልጄ መምህርት የካቲት ላይ ካርቱኑን ያመጣችው ለዚያ መታሰቢያ ነው። የእኛን የካቲት 12 አታውቅም። ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት ፎቶ በኢሜይል ላክሁላት፣ በደንብ አመሰገነችኝ።

ጃፓኖቹም ሥራ አልፈቱም። በ1945 ኤፕሪል የባሕር ኃይል ሚኒስቴራቸው ያሠራውን ረጅም ካርቱን አወጡ። ከኮክ ፍሬ የተወለደ የተረት ልጅ አላቸው፣ ሞሞታሮ የሚባል። እሱን አዛዥ አድርገው ጦጣና ድብ እያስከተለ እንግሊዞችን ሲማርክ ያሳያሉ። እኔን የያዘኝ ትዕይንት ግን ጦርነቱ አይደለም። የደቡብ ደሴት እንስሳት ተሰብስበው በዘፈን የጃፓንን ፊደል ይማራሉ። በጣም ያምራል። ሲያምር ነው የሚያስፈራው። አገር ይዞ ሀ ሁ ማስቆጠር።

ስለ ራሳችንስ? እኔ ልጅ ሳለሁ ካርቱን አልነበረንም። ደርግ ነበረን። ግራ እጄን ጨብጬ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» እያልኩ ነው ያደግሁት። ኢምፔሪያሊዝም ምን እንደሆነ አላውቅም። ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተሣለው ባለ ረጅም ባርኔጣ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። አሁን ለሽማግሌው ግብር እከፍላለሁ፣ የእህቴ ልጆች ሳይቀነሱልኝ። ያኔ መምህራችን «ልጆች፣ ይሄን ሥዕል ማን ከፈለበት?» ብለው ቢጠይቁን የት እንደሚያድሩ አላውቅም።

ፈረንጁንም ብዙ አላሞግስም። ሰማንያ ዓመት ቆይቶ መጠየቅ ማንም ይችላል። ስለ ኢራቅ ጦርነት እንዲህ የሚጠይቅ ወረቀት እስካሁን አልፈረምኩም።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ነው። የባለቤቴ አጎት ጋሼ እኛ ጋ ናቸው፣ ቡና እየተጠጣ። የቤተ ዘመድ ቴሌግራም ላይ የለቀቁትን ቪዲዮ ካልሰማችሁት ብለው ስልካቸውን ዘረጉ። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው። አንድ ግርማ ያለው አንበሳ አለ። ከተራራ ማዶ ጅቦች ይመጣሉ፣ ምራቃቸው እየተዝረበረበ። ሽለላ ከስር ይሄዳል። ጅቦቹ እነማን እንደሆኑ ማንም አላብራራም። ማብራሪያም አያስፈልግም። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጄ ከኋላቸው ቆማ አይታ ጨረሰች። «ጋሼ፣ ይሄን ማን ከፈለበት?» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። ባለቤቴ ሲኒ ታጥብ ይመስል ተነሳች። ጋሼ መጀመሪያ አልገባቸውም። ደገመችላቸው፣ በሚያምር አማርኛዋ። «አይተን ስንጨርስ ምን እንድናደርግ ነው የፈለገው?» ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን ልጅ ፈረንጅ አደረጋችኋት» አሉ። የአያቶቿን ደም ቆጠሩላት፣ የአገሯን ሦስት ሺህ ዘመን ቆጠሩላት። እሷ አልተቆጣችም። «ጅቦቹስ ልጆች አላቸው?» አለች።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ ልጄን ማገዝ ነው። አላገዝኳትም። «በቃ፣ ታላቅ ሰው አይጠየቅም፣ ሂጂ ተጫወቺ» አልኳት። ምክንያቱም ቪዲዮው ስር ከተደረደሩት ልቦች አንዱ የእኔ ነበር። ሐሙስ ማታ ነው የሰጠሁት፣ መብራት ላይ ቆሜ፣ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እንኳን ሳላይ። ጋሼ ሲዘረጉት ስሜ ከላይ ይታያል። ልጄ አይታው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ጋሼ ሌላ ላኩ። ከላዩ «ላልሰሙ አሰሙ» ይላል። አስራ ሰባት ዘመድ ልብ ሰጥቶታል። እኔ ገና አልከፈትኩትም፣ ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ከማዶ የሂሳብ ቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። ስልኩ በነዘረ ቁጥር ቀና ትላለች።